የሜታሊካ «ጀስቲስ» ድጋሚ የወጣው ሸክላ፦ ባሱ የት ገባ? የኔ ማጫወቻ ነው ወይስ ሸክላው?

የኢ4 ሹፌር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምታወሩትን ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ነው።

ባለቤቴ አርባ ዓመት ሲሞላኝ የሜታሊካን «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» በሸክላ ገዝታ ሰጠችኝ። እ.ኤ.አ. 2018 ተጠርጎ ድጋሚ የወጣው ነው፤ ሁለት ሸክላ፣ እያንዳንዱ 180 ግራም። እጅ ላይ ሲያዝ እንደ ድሮ ሰሃን ይከብዳል። አልበሙን የማውቀው አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው፣ ያውም ከተቀዳ የተቀዳ ካሴት። ካሴቱ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ቤት እንዳደረ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ባስ የማይሰማው በቅጂ ብዛት አልቆ ነው ብዬ ነው ያደግኩት፤ ልክ ልብስ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ እንደሚሄደው።

አሁን ግን አዲስ ሸክላ ነው። ፕላስቲኩን ራሴ ነው የቀደድኩት። መርፌውን አሳረፍኩ፤ ጊታሩ ጆሮ ይልጣል፣ ድራሙ ጠረጴዛ በእስክሪብቶ እንደሚመታ ልጅ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ባስ የሚባል ነገር የለም። ቀጭን ማለቴ አይደለም፤ የለም።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ስፒከሮቹን ከግድግዳ አራቅኳቸው፣ መልሼ አስጠጋኋቸው። ገመድ ገዝቼ ቀየርኩ። የአምፑን የባስ ቁልፍ እስከ ጥግ አዞርኩት፤ ትርፉ ጉምጉምታ ብቻ ሆነ። ማጫወቻውም አምፑም ከሎፒስ የተገዙ ናቸው (ስዊድን ያልኖራችሁ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ማለት ነው)፤ አምፑ የሰማኒያዎቹ ነው፣ ከኔ ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም። መርፌው አርጅቶ ስለነበር ባለፈው ወር ካርትሪጁን (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚይዘውን) ዩቲዩብ እያየሁ ራሴ ቀየርኩት። ሌላው እንዳለ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ሸክላው ተበላሽቶ ነው የታተመው? ደረሰኙ አለኝ፣ መመለሻው ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ባለቤቴ ደግሞ ስጦታ አይመለስም እያለች ነው።

ፍትሕ ለባስ፦

እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣህ ወንድሜ። ይህን ጥያቄ የዓለም ሕዝብ ከ1988 ጀምሮ ሲጠይቅ ነው የኖረው፤ አንተ ዘግይተህ ነው የደረስከው እንጂ ብቻህን አይደለህም።

ካሴትህ ንጹሕ ነበር። የገለበጡልህን ልጆች ይቅርታ ጠይቃቸው። ባሱ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ታሪኩን አሳጥሬ ልንገርህ፣ ባላሳጥረውም ታገሠኝ፤ ይህ ጉዳይ የግል ቁስሌ ነው። የባንዱ ባሲስት ክሊፍ በርተን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 እዚያው አንተ አገር፣ ዩንግቢ አካባቢ፣ አውቶቡሳቸው ተገልብጦ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። በምትኩ ጄሰን ኒውስተድ ገባ። ጀስቲስ ጄሰን ከባንዱ ጋር የሠራው የመጀመሪያው ሙሉ አልበም ነው፤ የመጀመሪያው ዘፈን «ብላክንድ» ላይ በደራሲነት ስሙ ተጽፏል። አስበው፦ አልበሙን በሚከፍተው ዘፈን ላይ ስምህ ሰፍሮ ጣትህ አይሰማም።

ባሱን የቀዳው ለብቻው ነው፤ ከቀረጻ ረዳት ጋር ተቀምጦ፣ የባንዱ ሰዎች በሌሉበት። የሚጫወተውም በአብዛኛው የዘፋኙን የጄምስ ሄትፊልድን ጊታር እየተከተለ ስለነበር፣ ጊታሩ ደግሞ ታችኛውን ድምፅ ራሱ ጠቅልሎ ስለያዘው፣ ባሱ ገና ከጅምሩ መቀመጫ አጥቶ ነበር። ቀጥሎ ሚክስ መጣ። ስቲቭ ቶምፕሰንና ማይክል ባርቢየሮ ኒውዮርክ ውስጥ ሚክስ ሲያደርጉ፣ ባንዱ ከቫን ሄለንና ከስኮርፒየንስ ጋር ስታዲየም ለስታዲየም እየዞረ በመሃል በመሃል በአውሮፕላን ይመላለስ ነበር። ቶምፕሰን በኋላ እንደተናገረው፣ ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ ባሱን ቀንስ አለው፤ ቀነሰ። አሁንም ቀንስ አለው። ፕሮዲውሰሩ ፍሌሚንግ ራስሙሰን ደግሞ የጄሰንን ቅጂ ለብቻው ስለሰማው፣ እጅግ ግሩም ነው ብሎ መስክሯል። ማለትም ሥራው ተሠርቷል፤ ተቀብሮ ነው የቀረው።

«ችግሩ የጄሰን አጨዋወት ነው» የሚል ካለ፣ 1987 ላይ ያወጡትን አጭሩን የጋራዥ ሸክላ ያዳምጥ። ያው ሰውዬ፣ ያው ባስ፣ ደረት ይመታል።

የ2018ቱን ስትገዛ ግን «ተጠርጓል» የሚለው ቃል ያታለለህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ተታሏል። ሩበን ኮሄን የሠራው ማስተሪንግ እንጂ ሚክስ አይደለም። ልዩነቱን እናቴን ያስረዳሁበት መንገድ ይኸው፦ ሚክስ ማለት ወጡ ድስት ላይ እያለ ነው፤ ሽንኩርት ይህን ያህል፣ በርበሬ ይህን ያህል፣ ነጭ ሽንኩርት ይህን ያህል። ማስተሪንግ ማለት ወጡ ወጥቶ እንጀራ ላይ ሲፈስስ ነው። ጨው ነስነስ ታደርጋለህ፣ ታሞቀዋለህ፣ ሰሃኑን ትቀይራለህ። ድስቱ ውስጥ ያልገባ ነጭ ሽንኩርት ግን ከዚያ በኋላ ከየትም አይመጣም። ድስቱን እንደገና ጣዱት ሲባሉ እምቢ አሉ። ሄትፊልድ ተጠይቆ፣ አልበሞቹ የዚያ ጊዜ ፎቶግራፍ ናቸው፣ ለምን እንነካቸዋለን በሚል መንፈስ ነው የመለሰው። እኔ አልስማማም፤ ፎቶው ላይ አንድ ሰው በአውራ ጣት ተሸፍኗል።

ቸኩለህ ከሆነ፣ 2009 ላይ በወጣው የጊታር ሂሮ የሜታሊካ ጌም ውስጥ መሣሪያዎቹ ተለያይተው ስለነበር፣ አድናቂዎች ከዚያ እያወጡ ባስ ያለበት ቅጂ ሠርተዋል። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ሸክላህን ግን አትመልስ፤ የሚቀይሩልህ በሌላ ያው ሸክላ ነው።

ሰባተኛው ክር፦

መልሰህ «ራይድ ዘ ላይትኒንግን» ግዛ። የበርተን ባስ እዚያ አለ። አለቀ።

ጡረተኛው ከፒያሳ፦

ልጆች፣ ስለ ሜታሊካ የማውቀው ልጄ ግድግዳው ላይ ከለጠፈው ምስል አያልፍም፤ ሸክላ ግን ከናንተ በፊት አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነ አምሃ ሬከርድስ ሲያሳትሟቸው የነበሩትን ትንንሾቹን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩትን፣ አሁንም በካርቶን አስቀምጫለሁ።

ሸክላ ላይ ወፍራም ድምፅ ቦታ ይፈጃል። ባስ በገባ ቁጥር መስመሩ ግራና ቀኝ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፣ ጎረቤቱን መስመር ይገፋል። ረጅም ሙዚቃ በአንድ ገጽ ላይ ለማስገባት የፈለገ ባሱን ይቀንሳል። ምናልባት ያ ሆኖ ይሆን? ዘፈኖቻቸው ረጃጅም ናቸው ሲሉ እሰማለሁ።

ሁለተኛ፣ ወንድማችን ገመዱን የሰካው ፎኖ በሚለው ላይ መሆኑን ያረጋግጥ። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ያን መልሶ የሚያስተካክለው አምፑ ውስጥ ያለው የፎኖ ክፍል ነው። በዋናው የካሴት ወይም የሲዲ መግቢያ ከሰካህ፣ ሙዚቃው እንደ ስልክ ድምፅ ይሆናል።

ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። ባስ የሌለው ባንድ እንዴት ባንድ ይባላል? ሮሃ ባንድን ያለ ጆቫኒ ሪኮ ባስ አስቡት እስቲ። ማን ትከሻውን ያነቃንቃል?

ድምፅ ክፍል፦

ጋሼ፣ ስለ ፎኖው ያሉት ልክ ነው፤ የመጀመሪያው መፈተሽ ያለበትም እሱ ነው። የቅነሳው መጠንም ቀላል አይደለም፣ 20 ኸርዝ ላይ 20 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል። ስለ ቦታ ያሉት ግን ለዚህ አልበም አይሠራም። ሙሉ አልበሙ 65 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ በሁለት ሸክላ፣ በአራት ገጽ ተከፍሏል። ሁለተኛው ገጽ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፣ 14 ደቂቃ አይሞላም። እዚያ ላይ ዝሆን ማስተኛት ይቻላል። ሦስተኛው ገጽ ብቻ 20 ደቂቃ ይደርሳል፣ እሱም ቢሆን የተለመደ ነው። ደግሞም ሲዲው ላይ ቦታ የሚባል ጣጣ የለም፤ ባሱ እዚያም የለም።

ፍትሕ ለባስ፣ ታሪኩን ልክ ነግረኸዋል፣ ወጥህም ጣፍጦኛል። ግን ሁላችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ጠያቂው ያለው «ባስ ጊታሩ አይሰማም» ብቻ አይደለም። ድራሙም ቀጭ ቀጭ ይላል ብሏል። የዚህ አልበም የእግር ከበሮ ጫፉ ሹል ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ሹል ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ሆድ የሚገፋ ነገር አለው። እሱ ከጠፋ፣ በባንዱ ላይ ብቻ አይሳበብም። የባስ ቁልፉን እስከ ጥግ አዙሮ ጉምጉምታ ብቻ ማግኘቱም አላማረኝም።

እና «ካርትሪጁን ራሴ ቀየርኩት» ያልከው አላለፈኝም ወንድሜ።

እንዲህ አድርግ። የሰማኒያዎቹ አምፕ ከሆነ ሞኖ የሚል (የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ የሚደምር) ቁልፍ አይጠፋውም። ያንኑ ሸክላ እያጫወትክ ተጫነው። ደህና ከሆነ ድምፁ ሁሉ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ ሌላ ለውጥ የለም። ዘፋኙ ድንገት ከጠፋ ግን፣ ካርትሪጁ ጀርባ ላይ ካሉት አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይረሃል ማለት ነው። ያኔ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ መሃል ላይ የተቀመጠ ድምፅ፣ በተለይ ወፍራሙ፣ ክፍሉ ውስጥ ተገናኝቶ ይጠፋፋል። ሞኖ ስትጫን ደግሞ አምፑ ውስጥ እንዳለ ይጠፋፋል። ጊታሮቹ ይቀራሉ፣ ሄትፊልድ ግራና ቀኝ ለየብቻ ስለቀዳቸው።

ቀለሞቹ፦ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጋቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጋቲቭ። ስትነካቸው አምፑን አጥፋ። ሽቦውን አትጎትት፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ብረት ያዝ። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዱን በጥሼ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ከፍያለሁ።

የኢ4 ሹፌር፦

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ወደ አምፑ የሄድኩት።

ፎኖው ላይ ነው የተሰካው ጋሼ፣ አረጋግጫለሁ።

ከዚያ ሞኖውን ተጫንኩ። «ዋን» እየተጫወተ ነበር፣ ሄትፊልድ እየዘፈነ። ጠፋ! አፉን እንደያዙት። ጊታሮቹ አሉ፣ ከሩቅ የሚመጣ የቃና ጥላ አለ፣ ሰውዬው ግን የለም። ቁልፉን ለቀቅኩ፣ ተመለሰ። ተጫንኩ፣ ጠፋ። አሥር ጊዜ ሳላደርገው አልቀርም። ባለቤቴ ከማድ ቤት «ሰውየውን ተወው፣ ይጨርስ» አለችኝ።

ራት ከተበላ በኋላ ቀዶ ጥገናው ተጀመረ። ባለቤቴ ወረንጦዋን አዋሰችኝ (በሐዘን)፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ የስልኩን መብራት ያዘችልኝ። አባዬ ምንድን ነው የምትፈልገው አለችኝ፤ ቀይና አረንጓዴ አልኳት። ጎንበስ ብላ አይታ፣ «ቢጫውስ የት ሄደ?» እያለች ሳቄ መጥቶ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀዩ አረንጓዴው ቦታ፣ አረንጓዴው ቀዩ ቦታ ነበሩ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሰውዬ ካሜራውን ገልብጦ ነው የቀረጸው፤ ማለትም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን አንድ ምስክር አለኝ።

አራቱንም እንዳልሽው መልሼ ሰካሁ። ልብ በሉ፣ ሽቦዎቹ ከጤፍ አገዳ አይወፍሩም። ከዚያ «ብላክንድን» አስጀመርኩ።

እንዴት ልንገራችሁ። የእግር ከበሮው መጣ። ረከቦቱ ላይ የነበሩት ሲኒዎች ተንጫጩ። አንድ ወር ሙሉ ሙዚቃ የምሰማ መስሎኝ ግማሹን ነበር ለካ የምሰማው። ከተቀሩት ሸክላዎቼ አንድ ሁለቱንም አወጣሁ፣ የሙላቱን ጨምሮ፤ እነሱም ታመው እንደነበር ያወቅኩት ሲድኑ ነው። ባለፈው ወር ሙላቱን ስሰማ «ዕድሜ ነው፣ ጆሮዬ ደክሟል» ብዬ ዝም ብዬ ነበር።

ባስ ጊታሩስ? የለም። ፍትሕ ለባስ፣ እውነትህን ነው። አሁን ሁሉም ነገር በቦታው ሆኖ ስለሚሰማ፣ አለመኖሩ ጭራሽ ጎልቶ ይሰማል። ቅድም ቤቱ ሁሉ ጨለማ ስለነበር አንድ አምፖል መቃጠሉ አይታወቅም ነበር፤ አሁን ሁሉም በርቶ አንዱ ቦታ ብቻ ጥቁር ነው። ጄሰን የሚጫወት የመሰለኝ ቦታ ሁሉ ደጋግሜ ሳዳምጠው የሄትፊልድ ጊታር ሆኖ ይገኛል።

ክሊፍ በርተን ካረፈበት ቦታ ጋር በሥራዬ እንገናኛለን። ከዮንሾፒንግ ወደ ሄልሲንቦርግ ጭነት ሳመላልስ ዶራርፕ አጠገብ አልፋለሁ፤ የመታሰቢያ ድንጋዩ እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ክረምት ነበር፣ በረዶውን በጓንቴ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ረጅሙ፣ ግጥም አልባ ሊባል ምንም ያልቀረው ዘፈን ከሱ ትርፍራፊ ዜማዎች የተሠራ መሆኑን ግን ትናንት ከሸክላው ጋር ያለውን ወረቀት ሳነብ ነው ያስተዋልኩት፤ ደራሲዎቹ መካከል ስሙ አለ። ሌላ ሰው ጣት፣ የሱ ዜማ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ጣት ተቀንሶ። ተወሳሰበብኝ፣ ልተወው።

ሸክላው አይመለስም። ደረሰኙን ልጄ ሥዕል ሥላበታለች።

ፍትሕ ለባስ፦

ይህን ሁሉ ዓመት ሜታሊካን ስከስ ኖሬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሽቦውን ፈትሽ ብዬ ሰው መክሬ አላውቅም። ሞኖዬን ተጭኜ መጣሁ። ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ። ልቤ ግን ለአንድ ደቂቃ ቆሞ ነበር።

ድምፅ ክፍል፦

እንኳን ደስ አለህ። አንድ ነገር ቀርቶሃል፦ ካርትሪጅ ስትቀይር የክንዱን ክብደት መዝነሃል? መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ማለቴ ነው። የካርትሪጁ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነቶቹ 2 ግራም አካባቢ ናቸው። ከቀለለ መርፌው ኃይለኛ ቦታ ላይ እየዘለለ መስመሩን ይፍቃል፣ ከከበደም ይበላዋል። በዓይን ግምት አይሆንም። ትንሽዬ የመርፌ ሚዛን አለች፣ ርካሽ ናት።

የኢ4 ሹፌር፦

አልመዘንኩም። በዓይኔ ገምቼ ነው ያስቀመጥኩት፣ ክንዱ አግድም ሲሆን ደስ ብሎኝ።

ዮንሾፒንግ አካባቢ ያላችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ሚዛን ለአንድ ቀን የምታውሱኝ አላችሁ? ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ቡና በኔ። ባለቤቴን ሚዛን ልግዛ ስላት የአልበሙን ሽፋን አንስታ አሳየችኝ፤ በገመድ የታሰረችውን፣ ዓይኗ የተሸፈነውን ሐውልት፣ እጇ ላይ ያለው ሚዛን ዶላር ሞልቶበት የሚፈስሰውን። «ይኸው ሚዛን፣ ከነገንዘቡ» አለችኝ።

ጡረተኛው ከፒያሳ፦

የኔን ልልክልህ ነበር፣ ፖስታው ከሚዛኑ ይበልጣል እንጂ። ቡናውን ግን አዲስ አበባ ስትመጣ እቀበላለሁ። ካርቶኑንም አወጣለሁ፤ ባስ አለው።